ተሰጥኦ ብቻውን የማይበቃበት ቤት፦ በጎንደር ስለሚገኝ አንድ የቦክስ ማሠልጠኛ

ጎንደር ውስጥ ልጁን ቦክስ ማስተማር የሚፈልግ ወላጅ ብዙ አማራጭ የለውም። እግር ኳስ የሚወድ ልጅ ሜዳም፣ እንደ ፋሲል ከነማ ያለ የሚመኘው ክለብም አለው። ሩጫ ለሚወድ ደግሞ ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ መቀመጧ በራሱ ትልቅ ሀብት ነው። ቦክስን ግን ብዙው ቤተሰብ አሁንም «ልጄ ድብድብ ሊማር?» እያለ ይሸሸዋል፤ የሚያስተምረውም ቤት በጣት የሚቆጠር ነው። በዚህ ምክንያት ከፒያሳ ብዙም ሳይርቅ፣ ቀድሞ የእህል መጋዘን በነበረ ሰፊ የቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ስለሚሠራ አንድ ማሠልጠኛ ዘርዘር ያለ አስተያየት ብጽፍ ለሌሎች ወላጆች ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ታናሹ ልጄ እዚያ ይሠለጥናል፤ እኔም ሥልጠናው እስኪያልቅ ድረስ ግድግዳው ሥር ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ የመከታተል ልማድ አለኝ። የቤቱን ስም ያልጠቀስኩት ከምስጋናው ጋር የማነሣው ከባድ ቅሬታ ስላለኝ ነው። ቤቱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የማያውቀውም ሌላ ማሠልጠኛ ሲመርጥ ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ከዚህ ሊረዳ ይችላል።

ስለ ዕቃው ብዙ የሚባል ነገር የለም። ሪንጉ አንድ ነው፤ ምንጣፉ መሐል ለመሐል ቢሳሳም ገመዶቹ ጥብቅ ናቸው። የሚመቱት ከረጢቶች በቂ ናቸው፤ ጓንቶቹ ግን የጋራ በመሆናቸው ላብ ጠጥተው የከረሙ ናቸውና አቅም ያለው ወላጅ ለልጁ የራሱን ቢገዛለት ይመረጣል። የገላ መታጠቢያው ውሃ አንዳንድ ቀን ይመጣል፣ አንዳንድ ቀን ይጠፋል። በክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የአሠልጣኙ ድምፅ ስለማይሰማ ሥልጠናው በጭብጨባ ይመራል። ወርሃዊ ክፍያው ለተማሪ የአዋቂው ግማሽ ሲሆን፣ ወላጅ ራሱ ካልቀረበ ልጅ አይመዘገብም፤ ይህን መመሪያ ወድጄዋለሁ። የሴቶች ሰዓት በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ መሆኑን ግን አልወደድኩትም፤ ሴት ልጆችን ለማሠልጠን ፈቃደኛ የሆነ ቤት ሰዓቱንም እኩል ሊያካፍላቸው ይገባል።

ይህን ቤት ልዩ የሚያደርገው ከመግቢያው በስተቀኝ ያለው ግድግዳ ነው። እስከ ሰው ቁመት ድረስ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል፤ ሥሩ ላይ ሚዛን ተቀምጧል። እያንዳንዱ ሠልጣኝ ሰኞ ሰኞ ጫማውን አውልቆ ይመዘንና ኪሎውን ከስሙ ፊት ለፊት በራሱ እጅ በጠመኔ ይጽፋል። የቀድሞው ቁጥር አይጠፋም፤ አዲሱ ከጎኑ ይጨመራል። ስለዚህ ማንም ሰው ገብቶ ከፋሲካ በኋላ የማን ኪሎ እንደጨመረ፣ በፈተና ሰሞን ማን እንደከሳ፣ ማን ደግሞ ለሳምንታት ጠፍቶ እንደነበር ባዶውን ቦታ አይቶ ማወቅ ይችላል። አንድ ሰኞ አንድ ረዘም ያለ ወጣት 64 መዝኖ 63 ብሎ ሲጽፍ አሠልጣኙ ከሩቅ አየው። አልተቆጣውም። ቀረብ ብሎ «እኔን ብትዋሸኝ ምንም አልሆንም፤ ሪንግ ላይ ግን ኪሎው ራሱ ያጋልጥሃል» አለው። ወጣቱ ምንም ሳይመልስ 3ቱን በመዳፉ ጠርጎ 4 ብሎ ጻፈ።

የዚህ ግድግዳ ምሥጢር በደንብ የሚገባው ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጓንት አይታሠርም። ሠልጣኞቹ ሪንጉ ላይ እግራቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ፤ አሠልጣኙ ከአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ጋር የተያያዘ ቴሌቪዥን ይከፍታል፤ የሚታየውም ተሰጥኦ ሞልቶ ተርፏቸው ሳለ መድረስ የሚገባቸው ቦታ ሳይደርሱ የቀሩ ቦክሰኞች ፍልሚያ ነው። መጀመሪያ ስሰማው ይህ ለልጆች ተስፋ የሚያስቆርጥ ትምህርት እንዳይሆን ሠግቼ ነበር። ውሎ አድሮ ግን በከተማችን ውስጥ ለወጣቶች ከሚሰጡት ትምህርቶች ሁሉ በቁም ነገር የታሰበበት ይህ እንደሆነ አመንኩ። የአሸናፊን ፎቶ እያየ የሚያድግ ልጅ የት መድረስ እንደሚቻል ያውቃል፤ መንገዱ የት ላይ እንደሚያዳልጥ የሚነግረው ግን አያገኝም። እዚህ ቤት የሚነገረው ይኸኛው ነው።

ከቅዳሜ ትምህርቶች ሁሉ ልጆቹ ላይ ሲሠራ ያየሁት ስለ ኪሎ የተሰጠው ነው። አሜሪካዊው ከባድ ሚዛን ቦክሰኛ በስተር ዳግላስ በፌብሩዋሪ 1990 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ቶኪዮ ላይ የዓለም ሻምፒዮኑን ማይክ ታይሰንን በዐሥረኛው ዙር በዝረራ ሲጥል 105 ኪሎ ይመዝን ነበር። እናቱ ከፍልሚያው ጥቂት ሳምንታት ቀድማ አርፋ ነበር፤ ያሸንፋል ብሎ የጠበቀው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ያን ቀን በጃቡ (በፊት እጁ በሚሰነዝረው ቀጥተኛ ቡጢ) ርቀቱን ጠብቆ፣ ሳይቸኩልና ሳይፈራ ያሳየው ቦክስ በከባድ ሚዛን ታሪክ ከታዩት ታላላቅ ብቃቶች አንዱ ነው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሊከፈለው ኢቫንደር ሆሊፊልድን ሲገጥም ግን ሚዛኑ ከ111 ኪሎ በላይ አሳየ፤ በሦስተኛው ዙር ተዘረረ። አንዲ ሩዊዝ በጁን 2019 ኒው ዮርክ ላይ አንቶኒ ጆሹዋን በሰባተኛው ዙር አስቁሞ ዓለምን ካስደነቀ በኋላ፣ በዲሴምበር ሳዑዲ ዓረቢያ ላይ ለተደረገው ድጋሚ ፍልሚያ ሰባት ኪሎ ያህል ጨምሮ ቀረበና በነጥብ ተሸነፈ፤ ወራቱን በፈንጠዝያ ማሳለፉንም ራሱ ተናገረ።

በእኔ ግምት ግን ከሁሉም የሚያንገበግበው የሪዲክ ቦው ታሪክ ነው። ቦው በ1988 በሴኡል ኦሊምፒክ በሌኖክስ ሉዊስ ተሸንፎ የብር ሜዳልያ አገኘ፤ ከዚያም በአንጋፋው አሠልጣኝ በኤዲ ፉች እጅ ተቀርጾ በኖቬምበር 1992 ሆሊፊልድን በነጥብ አሸነፈና አከራካሪ ያልሆነ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ያን ፍልሚያ በተለይም ዐሥረኛውን ዙር ያየ ሰው፣ ይህን የሚያህል ቁመትና ክብደት ያለው ሰው በቅርብ ርቀት እንደ ቀላል ሚዛን ቦክሰኛ አጫጭር ቡጢ ሲያፈራርቅ ማየት እንዴት ያለ ብርቅ ነገር እንደሆነ ይገባዋል። ያን ቀን 106 ኪሎ ተኩል ነበር። ቀጥሎ ሉዊስን መግጠም ሲገባው ከፍልሚያው ይልቅ ከሻምፒዮንነት ቀበቶዎቹ አንዱን ካሜራ ፊት ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ውስጥ መጣሉን መረጠ። ከአንድ ዓመት በኋላ ሆሊፊልድን በድጋሚ ሲገጥም 111 ኪሎ ተኩል ሆኖ መጣ፤ ተሸነፈ። በ1996 ከአንድሬ ጎሎታ ጋር ባደረጋቸው ሁለት ፍልሚያዎች ያሸነፈው ጎሎታ ከወገብ በታች እየመታ ከጨዋታ ውጭ ስለሆነ ብቻ ነበር፤ በሁለቱም ቀን የወረደበት ዱላ ግን ቀላል አልነበረም። መዝገቡ 43 ድል እና 1 ሽንፈት ይላል። ይህን ቁጥር ብቻ የሚያነብ ሰው ቦው ከታላላቆቹ አንዱ ነበር ብሎ ያልፋል፤ ሉዊስንም ሆነ ታይሰንን አንድም ቀን በፕሮፌሽናል ሪንግ አለመግጠሙን ግን መዝገቡ አይናገርም።

አሠልጣኙ እነዚህን ቁጥሮች ጥቁሩ ግድግዳ ላይ፣ ከሠልጣኞቹ ስም ዝርዝር ሥር፣ በተመሳሳይ ጠመኔ ጻፋቸው፦ ዳግላስ 105፣ 111፤ ቦው 106፣ 111፤ ሩዊዝ 121፣ 128። ልጆቹ ተነሥተው ከራሳቸው ቁጥር ጋር ሲያስተያዩት ቆዩ። «እነዚህን ሰዎች አምስትና ስድስት ኪሎ ጣላቸው እንዳትሉ» አላቸው፤ «ኪሎው የሚናገረው ጠዋት ሳይሮጥ የቀረውን ሩጫ ነው።» በሚቀጥለው ማለዳ ወደ ጎሃ በሚወስደው ዳገት ላይ ከወትሮው የበዙ ሯጮች መታየታቸውን ልጄ ነግሮኛል።

ዊልፍሬድ ቤኒቴዝን የሚመለከተው ቅዳሜ ደግሞ በቀጥታ ለአንድ ልጅ የታሰበ ይመስላል። ፖርቶ ሪካዊው ቤኒቴዝ በማርች 1976 ኮሎምቢያዊውን አንቶኒዮ ሰርቫንቴስን በ15 ዙር በነጥብ ሲያሸንፍ ገና 17 ዓመቱ ነበር፤ ከእርሱ ባነሰ ዕድሜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ቦክሰኛ የለም። ቡጢ ሲመጣበት ጭንቅላቱን ለስንዝር ያህል ዘንበል አድርጎ ያሳልፈዋል፤ ለዚህም «ራዳር» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለታል። በ22 ዓመቱ በሦስተኛ የሚዛን ምድብ ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1982 መጀመሪያ ላይም ሮቤርቶ ዱራንን አሸነፈ። ነገር ግን ልምምድ እንደማይወድ የታወቀ ነበር፤ ተፈጥሮ የሰጠችውን ይዞ ወደ ሪንግ መውጣት ይበቃኛል የሚል ዓይነት ሰው ነበር። በኖቬምበር 1979 ከሹገር ሬይ ሊዮናርድ ጋር ሲገናኝ፣ በመከላከል ጥበብ ከእርሱ የማያንስ፣ በዝግጅት ግን እጅግ የሚበልጥ ሰው ገጠመውና በ15ኛው ዙር፣ ደወሉ ሊደወል ሴኮንዶች ሲቀሩት ዳኛው አስቆመው። ከ24 ዓመቱ በኋላ የቀድሞው ቤኒቴዝ ተመልሶ አልታየም፤ ሆኖም እስከ 1990 ድረስ መፋለሙን አላቆመም፤ የወሰደው ቡጢም አንጎሉን ጎድቶት ቀሪ ሕይወቱን በቤተሰቡ እንክብካቤ ሥር የሚኖር ሰው ሆነ።

እዚህ ቤት ግራ እጁ የሚያስፈራ አንድ የ15 ዓመት ልጅ አለ። ከእርሱ የሚበልጡት ሁሉ ከእርሱ ጋር ስፓሪንግ (የልምምድ ፍልሚያ) መግባት አይወዱም። ሌሎቹ ገመድ ሲዘሉ እርሱ ጓንቱን ይዞ ጥግ ላይ ያወራል፤ ለሩጫም ዘግይቶ ይደርሳል። አሠልጣኙ የዚያን ቀን ስሙን አልጠራውም፤ ወደ እርሱም አላየም። ቤኒቴዝ ሰርቫንቴስን ያሸነፈበትን ፍልሚያ ካሳየ በኋላ ግን «ይህ ልጅ በ17 ዓመቱ የነበረውን ችሎታ በ24 ዓመቱ ስንት እጅ አሳደገው?» ብሎ ጠየቀ። መልስ የሰጠ አልነበረም። ልጁ ከዚያ ወዲህ ተለውጧል ለማለት አልደፍርም፤ በማግሥቱ ሳምንት ቀድሞ መጣ፣ በሚቀጥለው አረፈደ። እንዲህ ያለው ትምህርት በአንድ ቀን ፍሬ ያፈራል ብሎ የሚጠብቅ ወላጅ ካለ ይህንን ቢያውቅ መልካም ነው።

ማይክ ታይሰንን የሚመለከተው ትምህርት ደግሞ በሰው ዙሪያ ስላሉ ሰዎች ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ያሳደገውና ያሠለጠነው ከስ ዳማቶ በኖቬምበር 1985 ሞተ። ታይሰን ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ20 ዓመቱ፣ ትሬቨር በርቢክን በሁለተኛው ዙር ጥሎ በከባድ ሚዛን ታሪክ በዕድሜ ትንሹ ሻምፒዮን ሆነ። በጁን 1988 ማይክል ስፒንክስን በ91 ሴኮንድ ሲዘርር የብቃቱ ከፍተኛ ጫፍ ላይ ነበር። በዚያው ዓመት የዳማቶን ስልት ጠብቆ ያሠለጥነው የነበረውን ኬቨን ሩኒን አሰናበተ፤ ጉዳዩም ወደ ፕሮሞተሩ (ፍልሚያ አዘጋጁ) ዶን ኪንግ እጅ ገባ። ከዚያ በኋላ ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ መግባቱ እየቀረ፣ በአንድ ቡጢ መጨረስን መፈለጉ እየበዛ ሄደ። አሠልጣኙ የቶኪዮውን ፍልሚያ ሲያሳይ ዝረራው ጋ አይቆምም፤ በዙሮቹ መካከል ባለው የአንድ ደቂቃ ዕረፍት ላይ ያቆመዋል። የታይሰን ዓይን አብጦ ሊዘጋ ነው፤ ጥጉ ላይ ያሉት ረዳቶቹ ግን እብጠት የሚጫኑበትን ቀዝቃዛ ብረት እንኳ ይዘው አልመጡም፤ የበረዶ ውሃ የሞሉበት የላስቲክ ጓንት ዓይኑ ላይ ይይዙለታል። የዓለም ሻምፒዮን፣ ያን ሁሉ ሚሊዮን የሚያንቀሳቅስ ሰው፣ አጠገቡ ሥራውን የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረውም። ይህን ምስል ልጆቹ እስኪበቃቸው እንዲያዩት ይተወዋል። ከዚያ በኋላ ጥንድ ጥንድ ሆነው እርስ በርስ እጅ መጠቅለልን ይለማመዳሉ፤ ጨርቁ በአውራ ጣት ዙሪያ እንዴት እንደሚዞር፣ የጣት መገጣጠሚያ ላይ ስንት ድርብ እንደሚደረግ፣ አንጓው ላይ ሲጠብቅ ደም እንዳያግድ እንዴት እንደሚፈተሽ እያንዳንዱ ለጓደኛው ይሠራለታል። ታላቅ ትምህርት ነው፤ ያለ አንዳች ማጋነን እንዲህ ያለውን ትምህርት ሌላ ቦታ አላየሁም።

ቅሬታዬ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚነገረው ታሪክ ሁሉ ወደ አንድ መደምደሚያ ያደርሳል፦ ቦክሰኛው ሰነፈ፣ ወፈረ፣ ክፉ ባልንጀራ ያዘ፣ ስለዚህ ጠፋ። ይህ እውነት ቢሆንም ግማሹ ብቻ ነው። ሥራቸውን አክብረው፣ ሰዓታቸውን ጠብቀው፣ ኪሎአቸውን አስተካክለው ሳለ የጠፉ አሉ፤ እነርሱን የጣላቸው ያረፈባቸው ቡጢ ነው። ይህንን ወገን ቤቱ አያስተምርም፤ ባለማስተማሩም በራሱ ሪንግ ላይ የሚደረገውን አያይም።

ሜልድሪክ ቴይለርን እንውሰድ። በ1984 በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ወርቅ ሲያጠልቅ 17 ዓመቱ ነበር፤ የእጁን ፍጥነት የሚስተካከል አልነበረም ማለት ይቻላል። በማርች 1990 ላስ ቬጋስ ላይ፣ አንድም ጊዜ ተሸንፎ የማያውቀውን ሜክሲኳዊ ሁሊዮ ሴሳር ቻቬዝን ገጠመ። ነጥብ ከሚሰጡት ሦስት ዳኞች በሁለቱ መዝገብ ላይ በሰፊ ልዩነት ይመራ ነበር፤ ነገር ግን በየዙሩ የሚያርፍበት ቡጢ ፊቱን አፈራርሶት፣ የራሱን ደም እየዋጠ ነበር። ጥጉ ላይ ያሉት የገዛ ረዳቶቹ የመጨረሻውን ዙር ማሸነፍ እንዳለበት ነግረው ላኩት። ወደቀ፤ ተነሣ፤ ፍልሚያው ሊያልቅ ሁለት ሴኮንድ ሲቀረው የሪንጉ ዳኛ ሪቻርድ ስቲል አስቆመው። የቦክስ ወዳጆች ሁሉ እስከ ዛሬ የሚከራከሩት ስለነዚያ ሁለት ሴኮንዶች ነው። እኔ የሚያሳስበኝ ከዚያ በፊት ያለፈው ግማሽ ሰዓት ነው። ቴይለር በኋላ ሌላ ቀበቶ ቢያገኝም የቀድሞው ፍጥነቱ አልተመለሰም፤ ንግግሩም እየተጎተተ ሄደ። ምን አጠፋ? ጠዋት መሮጥ ተወ? አልተወም። ኬንያዊው ሮበርት ዋንጊላስ? በ1988 ሴኡል ላይ ለአገሩ የቦክስ ወርቅ ያመጣ ሰው ነው፤ በ1994 ላስ ቬጋስ ላይ ካደረገው ፍልሚያ በኋላ በደረሰበት የጭንቅላት ጉዳት በ26 ዓመቱ ሞተ። እነዚህን ሁለት ሰዎች ያላካተተ የጠፉ ባለ ተሰጥኦዎች ትምህርት ልጆቹን «ጎበዝ ከሆንኩ ምንም አያገኘኝም» ወደሚል አደገኛ እምነት ይወስዳቸዋል።

በማሠልጠኛው ውስጥ ስፓሪንግ በሳምንት ሁለት ቀን ይደረጋል። የጭንቅላትና የጥርስ መከላከያ ግዴታ ነው፤ ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን የጭንቅላት መከላከያ የሚያድነው በአብዛኛው ከመቆረጥና ከመላላጥ ነው፤ አንጎል በራስ ቅል ውስጥ እንዳይናወጥ ሊከለክል አይችልም። ዓለም አቀፉ የአማተር ቦክስ አስተዳደር በ2013 ከአዋቂ ወንዶች ውድድር ላይ መከላከያውን ሲያነሣም፣ ከጉዳት ይጠብቃል የሚለው እምነት ቀድሞ እንደታሰበው አለመሆኑ ከክርክሩ አንዱ ክፍል ነበር። አንድ ማክሰኞ አንድ ልጅ በቀኝ ሁክ (ከጎን በሚመጣ ቡጢ) ተመትቶ ጉልበቱ ከዳው፤ ተነሥቶ ሳቀ፣ ጓደኞቹም ሳቁ፤ ሐሙስ ዕለት ተመልሶ ስፓሪንግ ገባ። ማንም ራስ ምታት አለብህ ወይ፣ ብርሃን ያስቸግርሃል ወይ፣ ትናንት ምን በላህ ብሎ አልጠየቀውም። አንጎል ከመጀመሪያው ምት ሳያገግም ሁለተኛ ሲደርስበት ጉዳቱ ከመጀመሪያው በብዙ ሊከፋ እንደሚችል ሐኪሞች ደጋግመው የሚናገሩት ነገር ነው፤ በተለይ ለታዳጊዎች። ጥቁሩ ግድግዳ ኪሎን ይመዘግባል፤ ይህን ግን የሚመዘግብ ግድግዳ የለም።

ጉዳዩን ለአሠልጣኙ አንሥቼለታለሁ። በአክብሮት ሰማኝ፤ መልሱም ቀላል አልነበረም። «ጋሼ፣ የሚሉት እውነት ነው፤ ነገር ግን ሐኪም ልቅጠር ብል ክፍያው ይወደዳል፤ ክፍያው ሲወደድ ደግሞ መጀመሪያ የሚቀሩት ቦክስ ከመንገድ ያወጣቸው ልጆች ናቸው» አለኝ። ይህን ክርክር አከብረዋለሁ፤ ከእርሱ ጋር ግን አልስማማም። የተመታ ልጅ ምልክቱ ሁሉ ጠፍቶ፣ በሐኪም ታይቶ፣ ከዚያም ቢያንስ ለጥቂት ሳምንታት ስፓሪንግ እንዳይገባ የሚከለክል ደንብ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። ቀኑን ከኪሎው ጎን በቀይ ጠመኔ መጻፍ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከአዳራሹ የሚርቅ አይደለም፤ የሕክምና ተማሪዎች ሞልተዋል፤ በወር አንድ ቅዳሜ ከእነርሱ አንዱን ጋብዞ የጭንቅላት ጉዳት ምልክቶችን ማስተማር የሚቻል ነው።

ከዚሁ ጋር ስለ አእምሮ ጤንነትም ሊነገር ይገባል። ናይጄሪያዊው ኢኬ ኢቤአቡቺ እስከ 1999 ድረስ 20 ጊዜ ተፋልሞ 20ውንም ያሸነፈ፣ በ1997 ከዴቪድ ቱዋ ጋር በ12 ዙር ሁለቱ በድምሩ ከ1,700 በላይ ቡጢ የወረወሩበትን አስደናቂ ፍልሚያ ያሳየ ከባድ ሚዛን ነበር። በ1999 ወንጀል ፈጽሟል ተብሎ ተያዘና ለብዙ ዓመታት ታሰረ፤ የዓለም ሻምፒዮንነት ዕድሉ በዚያው ቀረ። የአእምሮው ሁኔታ እያወከው መሆኑን የሚያሳዩ ምልክቶች አስቀድመው ታይተው ነበር፤ ጠንካራ ሰው ስለሆነ ግን እንደ ሕመም የቆጠራቸው አልነበረም። በእኛም አካባቢ ልጅ ሲታወክ ጠበል ይወሰዳል፤ ጠበሉም ይሁን፣ ሐኪሙም አይቅር። አሠልጣኝ ደግሞ ከወላጅ ቀድሞ የሚያይበት ጊዜ አለ።

ሌላው የጎደለው የራሳችን ታሪክ ነው። ሁሉም ምሳሌ ከአሜሪካ የሚመጣ ከሆነ ልጆቹ ነገሩ እነርሱን የማይመለከት ሊመስላቸው ይችላል። ቴይለር ወርቅ ባጠለቀበት የ1984 ኦሊምፒክ ኢትዮጵያ በፖለቲካ ምክንያት አልተሳተፈችም፤ ቦውና ዋንጊላ በተወዳደሩበት በ1988ም አልነበረችም፤ በ1976ም ሞንትሪያል ላይ እንዲሁ። በእነዚያ ዓመታት መካከል የነበረው ዕድል የ1980ው ሞስኮ ብቻ ነው። በ1976 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. 20 ዓመቱ የነበረ አንድ የአገራችን ቦክሰኛ ሁለተኛውን የተዘጋ በር ሲያይ 28 ዓመቱ ነው፤ ሦስተኛው ሲዘጋ 32። በጦር ኃይሎችና በፖሊስ ክለቦች ውስጥ ስንት ባለ ተሰጥኦ እንዲህ ባለ ሁኔታ ጊዜው እንዳለፈበት የዚያን ዘመን ሰዎች ጠይቆ ልጆቹ ፊት እንዲናገሩ ማድረግ ከአሥር ቪዲዮ ይበልጣል። ከእነርሱ ውስጥ ማንም አልሰነፈም፤ ማንም አልወፈረም።

ቤቱ በሚገባ የሚያውቀው አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ እርሱም ጾም ነው። በዐቢይ ጾም የሚጾሙ ሠልጣኞች ከባዱን ሥራ የሚሠሩት ከተበላ በኋላ ባለው የምሽት ሰዓት ነው፤ ጠዋት የሚሰጣቸው የእግር ሥራና የጥላ ቦክስ (አየር ላይ መምታት) ብቻ ነው። ሽሮውና ምስሩ ከባቄላ ጋር እንዲመጣጠን፣ ሱፍና ተልባ እንዳይረሳ፣ ውሃ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየጊዜው እንዲጠጣ ለእናቶች ጭምር ተነግሯል። በሕማማት ስፓሪንግ አይደረግም። ይህን ሁሉ ከውጭ የመጣ የሥልጠና መመሪያ ሊያስተምር አይችልም፤ አሠልጣኙ ከሠልጣኞቹ ጋር ስለኖረ ያወቀው ነው።

እንግዲህ ይህን ቤት ለማን እመክረዋለሁ? ሰውነቱን ማጠንከር፣ ሥርዓት መማር፣ ሰዓት ማክበር ለሚፈልግ ልጅ ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ፤ ስፓሪንግ ሳይገቡ መሠልጠን ይቻላል፤ የሚያስገድድም የለም። የቅዳሜው ትምህርት ብቻውን ከወርሃዊው ክፍያ በላይ ዋጋ አለው፤ ወላጆችም አብረው እንዲቀመጡ ይፈቀዳል፤ እባካችሁ ተቀመጡ። ለውድድር ለሚዘጋጁት ግን አሁን ባለው አሠራር ሙሉ ድጋፌን መስጠት አልችልም። ልጄ በከረጢትና በፓድ (አሠልጣኙ በእጁ በሚይዘው መምቻ) ሥልጠናውን እንዲቀጥል ፈቅጃለሁ፤ የስፓሪንግ ፈቃድ ወረቀቱ ላይ የምፈርመው ከጭንቅላት ምት በኋላ የሚሰጠው ዕረፍት በጽሑፍ ተደንግጎ፣ ከመግቢያው በስተቀኝ ባለው ጥቁር ግድግዳ ላይ ከኪሎው ጎን የራሱ ዓምድ ሲሰጠው ነው። ይህንኑ ለአሠልጣኙ በደብዳቤ አሳውቄዋለሁ፤ ሌሎች ሦስት ወላጆችም አብረውኝ ፈርመዋል፤ እርሱም ከሚቀጥለው የምዝገባ ጊዜ በፊት መልስ እንደሚሰጠን ነግሮናል።